በፌጦ የተፈተነ ቨርሚኮምፖስት

ባለፈው ግንቦት፣ ክረምቱ ከመግባቱ አስቀድሞ፣ ከሠፈሬ ብዙም ከማይርቅ የመንገድ ዳር ችግኝ መሸጫ ስድስት ከረጢት ቨርሚኮምፖስት፣ ማለትም በቀይ ትሎች የተብላላ ብስባሽ፣ ገዝቼ እስከ ጥቅምት ድረስ በግቢዬ ተጠቅሜበታለሁ። ግቢዬ ለቡ በኩል ሲሆን አፈሩ ጥቁር ዋልካ ነው፤ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፣ በክረምት ውኃ ያቁርና ሥር ያፍናል። ስለዚህ ከዚህ በታች የምሰጠው አስተያየት ቀይና ልል አፈር ላላቸው አንባቢዎች በሙሉ ላይሠራ ይችላል።

ከረጢቶቹን ከመበተኔ በፊት ከእያንዳንዳቸው አንድ አንድ እፍኝ ወስጄ፣ በሳህን ላይ አርጥቤ ፌጦ ዘራሁባቸው፤ ለማነጻጸሪያም በሰባተኛው ሳህን ላይ ተራ የአትክልት አፈር አደረግሁ። ፌጦን የመረጥሁት ከቤት ስለማይጠፋ ብቻ አይደለም። በሁለት ሦስት ቀን የሚበቅል፣ ያልበሰለ ብስባሽ የሚያወጣውን አሞኒያና አሲድ ግን የማይችል ዘር በመሆኑ፣ የኮምፖስትን ብስለት የሚመረምሩ ቤተ ሙከራዎችም የሚጠቀሙበት ነው። በሦስተኛው ቀን አራቱ ሳህኖች ከተራው አፈር እኩል ለመለሙ። በሁለቱ ላይ ግን የበቀለው ጥቂት ሲሆን፣ የበቀለውም የሥሩ ጫፍ ቡናማ ሆኖ ቀርቷል። የእነዚያን ከረጢቶች ውስጥ ስፈትሽ መሐላቸው ይሞቃል፣ የሙዝ ልጣጩም ገና ልጣጭነቱን አልለቀቀም።

ሻጩ ቅሬታዬን በትሕትና ቢሰማም ከረጢቶቹን ለመለወጥ አልፈቀደም፤ «ትሎቹ መሬት ውስጥ ገብተው ይጨርሱታል፣ አፈርዎንም ይቆፍሩልዎታል» አለኝ። ይህ ስሕተት ነው። ለብስባሽ ሥራ የሚረቡት ቀይ ትሎች የሚኖሩት በሚበሰብስ ነገር ውስጥ እንጂ በዋልካ ጥልቀት አይደለም። ሁለቱን ከረጢቶች ከጥላ ሥር አስቀምጬ፣ ከስድስት ሳምንት በኋላ እንደገና በፌጦ ፈትኜ ነው የተጠቀምሁባቸው። ሌላው ቅር ያሰኘኝ ነገር የሚሸጠው በኪሎ ሳይሆን በከረጢት መሆኑ ነው፤ አንዱ ከረጢት ደረቅ፣ ሌላው ውኃ የጠገበ በመሆኑ ገዢው ምን ያህል ብስባሽና ምን ያህል ውኃ እንደገዛ አያውቅም። (ከረጢቱን ራሱን «ማዳበሪያ» ብለን በምንጠራበት አገር «አንድ ማዳበሪያ ማዳበሪያ ስጠኝ» ማለትም የራሱ ፈተና አለው።)

የበሰሉት ከረጢቶች ግን የሚመሰገኑ ናቸው። በሰሜን ሸዋ፣ በእነዋሪ አካባቢ ያሉ ገበሬዎች በጥቁር አፈራቸው ላይ እንደሚያደርጉት፣ መሬቱን ከፍ ባለ መደብና በቦይ ከፍዬ፣ በአንድ ካሬ ሜትር ሁለት ኪሎ ያህል ከላይኛው 20 ሳንቲ ሜትር አፈር ጋር ቀላቀልሁ። በሶብላው ካለፈው ዓመት ይልቅ ቅጠሉ ሰፍቶ ለቅቤ ማንጠሪያ የሚበቃ ሰጠ፤ ኮሰረቱ ተንዠረገገ፤ ጽጌረዳውም ከመስከረም ወዲህ ሁለት ጊዜ አበበ። ጭቃ የነበረው አፈር በእጅ ሲጨበጥ መፈርፈር የጀመረው በነሐሴ መጨረሻ ላይ ነው።

«ለሁሉም ተክል ይሆናል» የሚለው የሻጩ ምክር ግን ጦስኜን አስከፍሎኛል። ጦስኝ የደጋ ድንጋያማ መሬት ተክል በመሆኑ ውኃ የሚይዝ ለም አፈር አይስማማውም፤ በሐምሌ ከሥሩ በሰበሰ። የጥብስ ቅጠሉም መጠውለግ ሲጀምር ነቅዬ፣ ያለ አንዳች ብስባሽ በጠጠርና በአሸዋ መደብ ላይ ብተክለው ዳነ። ጤና አዳሙ ብስባሽ በሚወዱትና በማይወዱት መካከል ነው፤ እፍኝ ብስባሽ ይበቃዋል።

ከዚያው ቤት የገዛሁት የጤፍ ጭድ፣ ለጉዝጓዝ፣ ከብስባሹ ይልቅ ለዋጋው የሚገባ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ሰጥቼ፣ ከግንዱ ሦስት ጣት አርቄ አነጠፍሁት። ዝናቡ ጭቃ እየረጨ ወደ ጽጌረዳው ቅጠል የሚያወጣውን የፈንገስ ዘር ስለከለከለ ጥቁር ነጠብጣቡ ቀነሰ፤ ዝናቡ ካቆመ በኋላም ውኃ የማጠጣው በሳምንት ሁለት ጊዜ ብቻ ሆነ። ጭዱ ውስጥ የቀረው ዘር መብቀሉ አይቀርም፤ እኔም ከጽጌረዳው ሥር ጤፍ ሳርም ሰንብቻለሁ። በነጻ የቀረበልኝን የባሕር ዛፍ ቅጠል ግን አልተቀበልሁም፣ ዘይቱ ለጋ ቡቃያን ይጎዳልና።

ብስባሹ ከላም ፍግ ዋጋ ሦስት እጥፍ ያህል ስለሚያስወጣ ግቢን ሁሉ ልሸፍንበት ለሚል ሰው አልመክረውም፤ ለበሶብላ፣ ለኮሰረትና ለጽጌረዳ መደብ ግን እኔ ራሴ ዳግመኛ እገዛለሁ። በሚቀጥለው ግንቦት ከእያንዳንዱ ከረጢት አንድ እፍኝ ወስጄ፣ ክፍያውን ከሦስት ቀን በኋላ እንድፈጽም ከሻጩ ጋር ተስማምተናል።