«ከጅማ አርባ ምንጭ በ45 ደቂቃ» ሲሏችሁ ብር እንዳታወጡ

ባለፈው ወር የአክስቴ ልጅ ሠርግ አርባ ምንጭ ነበር። እኔ የምሠራው ጅማ ነው። በመኪና ጭዳ፣ ተርጫ፣ ሶዶ እያሉ መንገላታቱ ስለሰለቸኝ ዘንድሮስ በአየር ልሂድ አልኩ። ትኬት ቢሮ ጎራ ስል ልጁ ስልኩን አውጥቶ አንድ ገጽ አሳየኝ። በሁለቱ ኤርፖርቶች መሀል 200 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ የበረራ ጊዜ 45 ደቂቃ ይላል። ካርታው ላይ ቀይ መስመር ቀጥ ብሎ ተሰምሯል። «ወንድሜ፣ ቁርስህን እዚህ ትበላለህ፣ ሙሽራውን እዛ ታጅባለህ» አለኝ። «ቀጥታ በረራ» ስለሆነ ብሎም 1,500 ብር ጨመረብኝ። ከፈልኩ። ለጭማሪው ደረሰኝ እንኳ አልጠየቅሁም።

ትኬቱን በደንብ ያየሁት ማታ ቤት ገብቼ ነው። ከጅማ ቀጥሎ ሦስት ፊደል አለች፦ ኤ፣ ዲ፣ ዲ። አዲስ አበባ ማለት ነው! አርባ ምንጭ ከጅማ ወደ ደቡብ ነች። እኔ ግን መጀመሪያ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ቦሌ ሄጄ፣ ከዚያ ተመልሼ ልወርድ ነው። በአየር ሲደመር ከ600 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ቦሌ ላይ አምስት ሰዓት ተኩል ተጎለትኩ። አርባ ምንጭ ስደርስ ኬኩ ተቆርሶ አልቋል፣ የጠበቀኝ የቀዘቀዘ ጥብስ ነው።

አየር መንገዱ አልዋሸኝም፣ መንገዱን ትኬቱ ላይ ጽፎታል። ገጹም ቢሆን በረራ አለ አላለም። እንዲህ ያሉ ገጾች ማንኛውንም ሁለት ኤርፖርት ያገናኛሉ፤ በመሀላቸው አውሮፕላን ይመላለስ አይመላለስ ጉዳያቸው አይደለም። ብዙዎቹ ቀጥታውን ርቀት በጄት ፍጥነት፣ በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር አካባቢ፣ ያካፍሉና ለመነሻና ለማረፊያ ግማሽ ሰዓት ይጨምራሉ። 45 ደቂቃዋ የመጣችው ከዚያ ነው። አገር ውስጥ በብዛት የምንሳፈርባት ኪው 400 ደግሞ ባለ ፕሮፔለር ነች፣ እንደ ጄት አትሮጥም።

ስለዚህ ከክፍለ ሀገር ክፍለ ሀገር የምትበሩ ከሆነ ካርታ ሲያሳዩዋችሁ አትመኑ። ብር ሳታወጡ የጉዞ ዝርዝሩን አስወጡና የመነሻና የመድረሻ ሰዓቱን እዩ። እዚያ ላይ የሚጻፈው በፈረንጅ ሰዓት ነው፤ 13:00 ካለ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ነው። «ቀጥታ ነው?» ብቻ ብላችሁም አትለፉ። በትኬት ሰዎች ቋንቋ ቀጥታ ማለት መሀል ላይ አርፎ በዚያው የበረራ ቁጥር የሚቀጥልም ሊሆን ይችላል። «የትም ሳያርፍ ነው ወይ?» ብላችሁ ትኬት ሻጩን አፋጥጡት። የአየር መንገዱን አፕ ከፍታችሁ በዚያ ቀን ያለውን በረራም ራሳችሁ ፈልጉ፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ከሠርጉ መልስ ቢሮው ሄጄ 1,500 ብሬን መልስልኝ አልኩት። አልተቆጣም፣ አልተከራከረም። «ደረሰኝ ይዘሃል?» አለኝ።