ማሰልጠን ይሻላል ወይስ የሰለጠነ መንጠቅ?

ጥሩ በያጅ የሚፈልግ ድርጅት ሁለት መንገድ አለው። ወይ ጀማሪ ይዞ ያስተምራል፣ ወይ ደመወዝ ጨምሮ ከሌላ ድርጅት ይወስዳል።

መንጠቅ ፈጣን ነው። ሰውዬው ሰኞ ገብቶ ሰኞ ይበይዳል። ችግሩ፣ ገበያው ላይ አንድም በያጅ አልተጨመረም። ሁሉም እንዲህ ካሰበ የሚያስተምር ይጠፋል። የጥቂቶች ደመወዝ ይሰቀላል፣ ሙያ የሌለው እዚያው ይቀራል።

ማሰልጠን ጊዜ ይበላል። ጀማሪው ብረት ያበላሻል፤ ነባሩም ሥራውን አቁሞ ያሳየዋል። ልጁ ሲበስል ደግሞ ሌላው ቀጣሪ ላፍ ያደርገዋል! ኢኮኖሚስቱ ጋሪ ቤከር ይህን አይቶ፣ የትም የሚያገለግል ሙያ ከሆነ ወጪውን በዝቅተኛ ክፍያ የሚሸከመው ሠልጣኙ ነው ይላል። ጀርመን ውስጥ ግን ድርጅቶች ራሳቸው ወጪ ይጋራሉ። ሠልጣኙ ሳምንቱን ለሥራ ቦታና ለትምህርት ቤት ከፍሎ፣ በአብዛኛው ከ2 እስከ 3 ዓመት ተኩል ይማራል። አንዱ ማብራሪያ በሠለጠነውና ባልሠለጠነው ሠራተኛ መካከል ያለው የደመወዝ ልዩነት መጥበብ ነው፤ የሠለጠነው ሰው ምርት ከደመወዙ በላይ ሲያድግ ትርፉ ለአሠልጣኙም ይተርፋል።

ደመወዝ መጨመርም ብክነት ብቻ አይደለም። የመኪና አምራቹ ፎርድ በ1913 እ.ኤ.አ. ሠራተኛው ቶሎ ቶሎ ስለሚለቅ 14 ሺህ ያህል ሠራተኛ ለማቆየት ከ50 ሺህ በላይ ሰው ቀጥሮ ነበር። በ1914 የቀን ክፍያው 5 ዶላር ሲገባ ሥራ የሚለቀው ሰው በአንዴ ቀነሰ።

እኔ ብሆን አሠለጥናለሁ። ሲጨርስ ግን በጀማሪ ደመወዝ ይቆይልኛል ብዬ አልጠብቅም።