«በ7 ቀን ስኮፐስ ላይ እናሳትማለን» ለሚሏችሁ ብር አትላኩ

በደብረ ብርሃንም ሆነ በፍቼ፣ በሸዋ ሮቢትም ሆነ በመሐል ሜዳ የምታስተምሩ፣ የማስተርስ ወይም የፒኤችዲ ሥራችሁን ወደ አርቲክል ልትቀይሩ ያሰባችሁ መምህራን፣ ይህን ሳታነቡ ለማንም ክፍያ እንዳትፈጽሙ። የደረጃ እድገት ማመልከቻ ሲቃረብ ቴሌግራሙ በአንድ ዓይነት ማስታወቂያ ይሞላል፦ «ስኮፐስ ኢንዴክስድ፣ ፈጣን አክሰፕታንስ፣ ክፍያ በቴሌብር ወይም በንግድ ባንክ።» ስኮፐስ የምርምር ጆርናሎችን የሚመዘግብ ዓለም አቀፍ የመረጃ ቋት ነው፤ ኢንዴክስድ ማለት እዚያ የተመዘገበ፣ አክሰፕታንስ ማለት አርቲክሉ ለኅትመት ተቀባይነት ማግኘቱ ነው። የከፍተኛ ትምህርት አስተዳደርና ፖሊሲ ላይ የምትጽፉ ደግሞ ከሌላው በባሰ ትከስራላችሁ። በነፃ የሚገኘውን ነው በገንዘብ የምትገዙት።

በዚህ ዘርፍ ስም ያላቸው ጆርናሎች አብዛኞቹ ከጸሐፊ ምንም አይጠይቁም። የዓለም አቀፉ የዩኒቨርሲቲዎች ማኅበር ጆርናል የሆነውን «ሃየር ኤዱኬሽን ፖሊሲ»ን፣ በቴይለር ኤንድ ፍራንሲስ የሚወጣውን «ጆርናል ኦፍ ሃየር ኤዱኬሽን ፖሊሲ ኤንድ ማኔጅመንት»ን፣ «ስተዲስ ኢን ሃየር ኤዱኬሽን»ን ውሰዱ። ሦስቱም ሁለት በር አላቸው። አንደኛው ኦፕን አክሰስ ነው፤ አርቲክሉን ማንም በነፃ ያነበዋል፣ ጸሐፊውን ግን በሺህ የሚቆጠር ዶላር ያስከፍላል። ሁለተኛው አንባቢው ወይም ቤተ መጻሕፍቱ የሚከፍልበት የተለመደው መንገድ ነው፤ ጸሐፊው ሳንቲም አያወጣም። አርቲክሉ ተቀባይነት ካገኘ በኋላ በሚመጣላችሁ ቅጽ ላይ የትኛውን እንደምትመርጡ ትጠየቃላችሁ። እዚያ ጋ ኦፕን አክሰስን ሳታስቡት እንዳትጫኑ። ሙሉ በሙሉ ኦፕን አክሰስ የሆነ ጆርናል ላይ መላክ ግድ ከሆነባችሁም፣ ትልልቆቹ አሳታሚዎች ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው አገሮች ለሚመጡ ጸሐፊዎች የክፍያ ምሕረት የሚሰጡበት አሠራር አላቸው። ምሕረቱ የሚጠየቀው አርቲክሉ በሚላክበት ጊዜ ነው። ከተቀበሉ በኋላ የመጣ ጥያቄን ብዙዎቹ አያስተናግዱም።

በቴሌግራም «እናሳትማለን» የሚላችሁ ደላላ ይህን አይነግራችሁም። የእሱ ዋጋ ብዙ ጊዜ በዶላር ተተምኖ በብር ይሰላል። ከሐምሌ 2016 በፊት 100 ዶላር 5,700 ብር ግድም ነበር፤ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። በመምህር ደሞዝ ስሉት።

አካሄዳቸው ተመሳሳይ ነው። ፋይሉን ትልካላችሁ። በሁለት ወይም በሦስት ቀን የአክሰፕታንስ ደብዳቤ ይመጣል፤ ማኅተም አለው፣ ፊርማ አለው፣ «የተከበሩ ፕሮፌሰር» ይላል፣ እናንተ ገና ሌክቸረር ብትሆኑም። የገምጋሚ አስተያየት የተባለው ነገር ወይ የለም፣ ወይ «ሰዋስው ይስተካከል፣ አዳዲስ ማጣቀሻ ይጨመር» የሚል ለየትኛውም ጽሑፍ የሚሆን ሁለት መስመር ነው። ከደብዳቤው ጋር ኢንቮይስ ይመጣል፤ በ48 ሰዓት ካልከፈላችሁ ቦታው ለሌላ እንደሚሰጥ ይነገራችኋል። እውነተኛ ጆርናል እንዲህ ሊፈጥን አይችልም፤ ኤዲተሩ መጀመሪያ ራሱ አይቶ ለመለየት ብቻ ሳምንታት ይወስዳል። ከዚያ ያለ ክፍያ የሚሠሩ ሁለት ገምጋሚዎች ፈልጎ እሺ ማሰኘት አለበት። ከመላክ እስከ መጀመሪያው ውሳኔ ከሦስት እስከ ስድስት ወር መቁጠር የተለመደ ነው፤ ዓመት የሚሞላበትም ጊዜ አለ።

አሁን ወደ ዋናው ማታለያ፣ ወደ ስክሪንሾቱ እንምጣ። ደላላው ጆርናሉ ስኮፐስ ውስጥ እንዳለ የሚያሳይ ምስል ይልክላችኋል። ምስሉ ላይ የጆርናሉ ስም አለ፣ ሳይትስኮሩ (አርቲክሎቹ በአማካይ ስንት ጊዜ እንደተጠቀሱ የሚያሳየው የስኮፐስ ቁጥር) አለ፣ አሳታሚው አለ። ከስሙ ዝቅ ብሎ የሚገኘው አንድ መስመር ግን ተቆርጧል። እዚያ መስመር ላይ ስኮፐስ ጆርናሉን ከመቼ እስከ መቼ እንደመዘገበው ይጻፋል፤ ከተሰረዘ ደግሞ ከዓመቱ አጠገብ ምዝገባው መቋረጡ በግልጽ ይቀመጣል። የስኮፐስ የምንጮች ዝርዝር በነፃ ይከፈታል፣ የዩኒቨርሲቲ ኢንተርኔትም አይጠይቅም። ስለዚህ ምስል አትቀበሉ፤ በራሳችሁ ስልክ ገብታችሁ በአይኤስኤስኤን (በጆርናሉ መለያ) ቁጥሩ ፈልጉ፣ ዓመቱን አንብቡ። ምዝገባው ሁለት ዓመት ቀድሞ የተቋረጠ ጆርናል ላይ ዘንድሮ የወጣ አርቲክል ስኮፐስ ውስጥ አይገባም፣ የጆርናሉ ገጽ ዓርማውን እንደለጠፈ ቢቆይም።

አይኤስኤስኤን አለው ብሎ መጽናናትም አያዋጣም። ስምንት አሃዝ ያለው መለያ ቁጥር እንጂ የጥራት ማረጋገጫ አይደለም፤ መኪና ታርጋ ስላለው ፍሬኑ ይሠራል እንደማይባለው ነው። እንዲያውም ከሁሉ የከፋው ዓይነት ሌባ የእውነተኛ ጆርናል ስምና አይኤስኤስኤን ወስዶ ተመሳሳይ ድረ ገጽ የሚከፍተው ነው። የጠለፋ ጆርናል ይባላል። መከላከያው ቀላል ነው፦ የጆርናሉን አድራሻ ከደላላው ሊንክ ሳይሆን ከአሳታሚው ዋና ገጽ ወይም ከስኮፐስ መዝገብ ላይ ውሰዱ።

በእኛ ዘርፍ የስም መመሳሰል ለሌባ ይመቸዋል። ከላይ ከጠቀስናቸው «ሃየር ኤዱኬሽን ፖሊሲ» እና «ጆርናል ኦፍ ሃየር ኤዱኬሽን ፖሊሲ ኤንድ ማኔጅመንት» ሌላ ኦኢሲዲ (በአብዛኛው የበለጸጉ አገሮች የኢኮኖሚ ትብብር ድርጅት) ያሳትመው የነበረ «ሃየር ኤዱኬሽን ማኔጅመንት ኤንድ ፖሊሲ» የሚባል ጆርናል አለ፤ መውጣት ካቆመ ከ10 ዓመት በላይ ሆኖታል። ቃላቱ እነዚያው ናቸው፣ ቅደም ተከተላቸው ብቻ ተለዋውጧል። «ኢንተርናሽናል» ወይም «ግሎባል» የሚል ቃል ከፊት ለጥፎ አራተኛ ስም መፍጠር ምን ያቅታል? በአንዱ ስም ማስታወቂያ ሲመጣላችሁ ፊደል በፊደል አመሳክሩ።

ሌሎቹ ምልክቶች በደቂቃዎች የሚታዩ ናቸው። የመጨረሻውን እትም ክፈቱ፤ ስለ መውጫ ፈተና የተጻፈ አርቲክል ከዶሮ መኖና ከኮንክሪት ጥንካሬ ጋር አብሮ ወጥቶ ከሆነ ዝጉት። የአንዱን አርቲክል ዲኦአይ (ቋሚ መለያ ቁጥሩን) ገልብጡና ዲኦአይ ዶት ኦርግ ላይ አስገቡት፤ ካልተከፈተ ውሸት ነው። ከኤዲተሮቹ የሁለቱን ስም በሚሠሩበት ዩኒቨርሲቲ ገጽ ላይ ፈልጉ። ሳይጠየቁ ስማቸው የተለጠፈ ምሁራን ብዙ ናቸው። «ኢምፓክት ፋክተር» የሚለው የጆርናሉ የመጠቀስ መለኪያ ቁጥሩን ከሚያወጣው ከክላሪቬት ድርጅት ካልመጣ ራሳቸው የፈጠሩት ነው። የክፍያው መጠን በገጹ ላይ ካልተጻፈና በቴሌግራም ብቻ ከተነገራችሁ ሌላ ማጣራት አያስፈልግም።

ይህ የሚያሰጋው የእኛን አገር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ ጆን ቦሃነን ሆን ተብሎ በስህተት የተሞላ ጽሑፍ ለ304 ጆርናሎች መላኩን ዘግቦ ነበር፤ 157ቱ ተቀብለውታል። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ የአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤት ኦሚክስ የተባለው አሳታሚ ክፍያውን በመደበቁና ስለ ግምገማው በማታለሉ 50.1 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ወስኗል።

ሰው ወደ ደላላ የሚሄደው አንዴ ሪጀክት ከተደረገ በኋላ መሆኑ ይታወቃል። የሪጀክቱ ምክንያት ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚስተካከል ነው። በአንድ ዩኒቨርሲቲ መጠይቅ በትኖ አማካይና መቶኛ ብቻ የሚያቀርብ ጽሑፍ ከአገር ውጭ ያለ ኤዲተር «ይህ ለእኔ አንባቢ ምን ይነግረዋል?» ብሎ ይመልሰዋል። ያንኑ መረጃ ከከፍተኛ ትምህርት አዋጅ 1152/2011 ወይም ከወጪ መጋራት አሠራር ጋር አያይዛችሁ፣ ፖሊሲው የታሰበውን ለምን እንዳላመጣ ብታሳዩ ሌላ ጽሑፍ ይሆናል። 120 ገጽ ቴሲስ ቆራርጦ መላክም አይሠራም፤ አርቲክል ብዙ ጊዜ ከ6,000 እስከ 8,000 ቃል ነው፣ ማጣቀሻው ተቆጥሮ። ስማችሁንና የዩኒቨርሲቲያችሁን ስም ከጽሑፉም ከፋይሉ ባሕርይም (ፕሮፐርቲስ ከሚለው) አውጡ፣ ግምገማው ስም ሳይታወቅ ነውና። በተመሳሳይ ጊዜ ለሁለት ጆርናል አትላኩ። ለአገር ውስጥ አንባቢ የሚሆን ከሆነ የትምህርት ሚኒስቴር እውቅና ከሰጣቸው የአገር ውስጥ ጆርናሎች መምረጥ ይሻላል፤ ዝርዝሩን ከዩኒቨርሲቲያችሁ የምርምር ክፍል ጠይቃችሁ ውሰዱ፣ ማመልከቻ ስታስገቡ የሚያዩት እሱን ነውና።

አስቀድማችሁ ለደላላ ልካችሁ ከሆነ፣ የቅጂ መብት ማስተላለፊያውን አትፈርሙ። በኢሜይል «አርቲክሌን አንስቻለሁ፣ እንዲታተም ፈቃድ አልሰጠሁም» ብላችሁ ጻፉና ቅጂውን አስቀምጡ። «የማንሻ ክፍያ» ብለው 200 ወይም 300 ዶላር ሲጠይቁ አትክፈሉ፤ ከከፈላችሁም በኋላ ይለጥፉታል። ያለ ፈቃዳችሁ ከለጠፉት ጽሑፉ ሌላ ቦታ ሲላክ የተመሳሳይነት ፍተሻው ይይዘዋል። ስለዚህ ለአዲሱ ጆርናል ኤዲተር በሽፋን ደብዳቤው ላይ የሆነውን በሁለት አረፍተ ነገር ጽፋችሁ፣ የማንሻ ኢሜይሉን ቅጂ ከነቀኑ አያይዙለት። አንዳንዱ ኤዲተር ያየዋል፣ አንዳንዱ ይመልሰዋል። ሳትነግሩት ቀርታችሁ ራሱ ካገኘው ግን ያለ ጥርጥር ይመልሰዋል።