ስታዲየም አካባቢ የገዛሁት የቼዝ ሰዓት

ከአምስት ሦስት ኮከብ። አራተኛውን የነፈግሁት በስድስተኛው እርምጃ ስለተሸነፍሁ ብቻ አይደለም።

ሰዓቱን በ3,500 ብር የገዛሁት ስታዲየም ዙሪያ ካሉት የስፖርት ዕቃ መደብሮች ከአንዱ ነው። በሁለት የባትሪ ድንጋይ ይሠራል፤ ቁጥሮቹ ጎላ ስላሉ ያለ መነጽር አነባቸዋለሁ። መመሪያው ግን በቻይንኛ ብቻ ነው። በየእርምጃው አምስት ሰከንድ እንዲጨምር ለማድረግ አንድ ማታ ሙሉ ታገልሁ። ይህ ሰከንድ የመጨመር ብልሃት የአሜሪካዊው የቼዝ ሻምፒዮን የቦቢ ፊሸር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1988 የፈጠራ መብት ጠይቆበታል። የአያቶቻችን ቼዝ፣ ሰንጠረዥ፣ እንዲህ ያለ ጣጣ አልነበረበትም፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ እንዳሻቸው ያንቀሳቅሱ ነበር።

ጉዱ የወጣው እሑድ አራት ኪሎ በነበረን ውድድር ነው፤ ለእያንዳንዳችን አሥር ደቂቃ። ጥቁሮቹ ጠጠሮች ደርሰውኝ ሃያ ዓመት ያልከዳኝን ካሮ-ካን የተባለ የጥቁር መከላከያ አጀማመር ይዤ ገባሁ። ነጭ ወታደሩን ኢ4 ከሚባለው ካሬ ሲያደርስ በሲ6 መመለስ፣ ቀጥሎ በዲ5 መሐሉን መጋፈጥ። ስሙን ያወረሱት ሁለቱ ተጫዋቾች ካሮና ካን እ.ኤ.አ. በ1886 ትንታኔውን ካሳተሙ ወዲህ ለእንደኔ ያለ ጥንቁቅ ሰው መጠለያ ሆኗል። በአራተኛው እርምጃ ፈረሴን ዲ7 አስቀምጬ የራሴን ቆጠራ አቁሞ የተጋጣሚዬን የሚያስነሣውን ቁልፍ ነካ አደረግሁ። ለካ መንካት አይበቃውም! ተጋጣሚዬ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ አገጩን ይዞ ያስባል። እኔ ፊቱን አያለሁ። የሚሮጠው የእኔ ሰዓት ነው። ሁለት ደቂቃ ተኩል ሄደ። ልጁ ንግሥቱን ኢ2 ላይ አሳርፎ፣

«ጋሼ፣ የሚቆጥረው እኮ የእርስዎ ነው» አለኝ በትሕትና።

ደንግጬ ሌላውን ፈረስ ኤፍ6 ላይ ጣልሁት። እሱ ፈረሱን ዲ6 አኖረ። ማት፤ ንጉሤ ማምለጫ አጣ፣ ጨዋታው አበቃ። ንጉሤ ዙሪያውን በገዛ ወገኖቹ ታጥሯል፤ ያንን ፈረስ ሊበላ ይችል የነበረው የኢ7 ወታደር ደግሞ ከተነሣ ንጉሡን ለነጭ ንግሥት ያጋልጣል። ይህንን ወጥመድ ለስንት ጀማሪ አሳይቻለሁ!

ችግሩ ሁለቱ ቁልፎች እኩል አለመሆናቸው ነው፤ የግራው ለስላሳ፣ የቀኙ ደረቅ። ማክሰኞ ተመልሼ ለሻጩ ብነግረው «ጠንከር አድርገው ይምቱት» አለኝ። አሁን ሰዓቱ በየት በኩል ይቀመጥ ብለው ሲጠይቁኝ፣ ለስላሳው ቁልፍ በሚደርሰኝ በኩል እላለሁ።