የድሮ የመስታወት ቅርጾች፦ ሙራኖ፣ ላሊክ፣ ስዋሮቭስኪ ወይስ ፌንተን?

የድሮ የመስታወት ወፍ ወይም ዓሣ የሚሸጥ ሰው ቶሎ ብሎ የሚያሳያችሁ ስሙን ነው፤ ስቲከሩን ወይም ፊርማውን። ስም ዋጋ እንዳለው አይካድም። ግን ፎርጂድ የሚሠራውም ይህንኑ ያውቃል። ገበያ ላይ ደጋግመው የሚመጡ አራት ስሞችን ላነጻጽርላችሁ። መሸወጃው በአራቱም ለየቅል ነው፤ መመርመሪያውም እንደዚያው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በሙራኖ እንጀምር፤ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ነው። ሙራኖ የአንድ ፋብሪካ ስም አይደለም፤ ቬኒስ አጠገብ ያለች ደሴት ናት። ቬኒስ በ1291 የእሳት አደጋ ፈርታ የመስታወት እቶኖቿን ወደዚያ አዛወረች። ስለዚህ «ሙራኖ ነው» መባሉ ብቻውን ዋጋውን አይነግራችሁም። እንደ ቬኒኒ ወይም አርኪሜዴ ሴጉሶ ያሉ የደሴቲቱ ስመ ጥር መስታወት ሠሪዎች እጅ ያረፈበት ሌላ፣ ለቱሪስት የተሠራ ትንሽ ዶሮ ሌላ። ነዳፊው አሌሳንድሮ ፒያኖን በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለቪስቶዚ፣ ለሙራኖው የመስታወት ፋብሪካ፣ የነደፋቸው ባለ መዳብ እግር ወፎች፣ ለምሳሌ፣ ሰብሳቢዎች የሚሻሙባቸው ናቸው።

የሙራኖ እንስሳት በአብዛኛው በእጅ የተሠሩ ናቸው። ሁለት ዳክዬዎች ቁርጥ መንታ ከሆኑ ጠርጥሩ። «ሶመርሶ» የሚባለው ዓይነት ላይ ደግሞ ባለቀለሙ መስታወት በጠራ መስታወት ተሸፍኗል። ብርሃን ላይ ያዙት። በሁለቱ መካከል ያለው ድንበር ጥርት ብሎ መታየት አለበት።

ከዚያ ገልብጡት፤ እዚህ ላይ አትቸኩሉ። መቀመጫው ላይ ሠራተኛው የያዘበት ዘንግ የተላቀቀበት ጠባሳ፣ ወይም ተፍቆ የተወለወለ ቦታ ይኖራል። ዕድሜ ያለው ቁራጭ ጭረቱ መደርደሪያ የነካው ጠርዝ ላይ ነው። ጭረቶቹ ወዲያና ወዲህ ይሄዳሉ፤ ጥልቀታቸውም አንድ አይደለም። በብርጭቆ ወረቀት ያስረጁት ግን ጭረቱ ሁሉ ባንድ አቅጣጫ ይሄዳል፣ መደርደሪያ ሊነካው የማይችል ጎድጓዳ ውስጥ ሳይቀር።

ስቲከሩስ? ይላጣል፣ መልሶም ይለጠፋል። «ቬትሮ አርቲስቲኮ ሙራኖ» (የሙራኖ ጥበባዊ መስታወት) የሚለው ምልክት የመጣው ቬኒስ ያለችበት የቬኔቶ ክልል በ1994 ባወጣው ሕግ ነው። «የ50ዎቹ ነው» በተባለ ዓሣ ላይ ካያችሁት ወይ ዓሣው ወይ ስቲከሩ ዋሽቷል።

ላሊክ ጋ ነገሩ ይገለበጣል። እዚህ በሞልድ፣ ማለትም በቅርጽ ማውጫ፣ መሠራት ነውር አይደለም፤ ፈረንሳዊው መስታወት ሠሪ ሬኔ ላሊክ ራሱ የመረጠው መንገድ ነው። በ1925 ለሲትሮየን የነደፋቸው አምስት ፈረሶች፣ መኪና አፍንጫ ላይ የሚቀመጡት፣ እንዲሁ ነው የተሠሩት። ችግሩ ያለው ፊርማው ላይ ነው። ሰውየው በ1945 እስኪሞት ድረስ ፊርማው «አር. ላሊክ» ነበር፤ ከዚያ በኋላ «አር» ቀረች። በኋላ በተሠራው ላይ «አር» ጨምሮ ዋጋውን የሚሰቅል ሰው ታዲያ አይጠፋም። በማጉያ መነጽር እዩት። የፊደሏ ጥልቀት ከሌሎቹ ጋር ይመሳሰላል? ወይስ በኋላ የመጣች እንግዳ ትመስላለች? ወተት የመሰለው ዓይነትም የራሱ ፈተና አለው፤ ፊት ለፊት ሲታይ ሰማያዊ ይላል፣ ከኋላው መብራት ሲበራ ወደ ማር ቀለም ይዞራል።

የኦስትሪያው ክሪስታል ሠሪ ስዋሮቭስኪ ይህን ያህል ምርመራ አይጠይቅም። የተቆረጡ ክሪስታሎች በሙጫ ተያይዘው ነው የሚሠራው፤ በ1976 በአንዲት ትንሽ አይጥ ተጀመረ። የስዋን ወፍ አርማ የመጣው በ80ዎቹ መጨረሻ ስለሆነ ከዚያ በፊት የተሠራው ላይ አትፈልጉት። ሳጥንና ሰርተፊኬቱ ከሌለ ዋጋው ያሽቆለቁላል። ችግሩ፣ ብዙ ሰው ከነሳጥኑ ስላስቀመጠው ገበያው ጢም ብሏል። ከወደዳችሁት ግዙ፤ ያተርፈኛል ብላችሁ ግን አይሆንም።

ለጀማሪ እኔ የምመርጠው ፌንተንን ነው። በ1905 የተመሠረተ የአሜሪካ ፋብሪካ ነው፤ መስታወት መሥራት ያቆመው በ2011 ነው። በ1970 ካርኒቫል በሚባለው፣ እንደ ዘይት ጠብታ በሚያብለጨልጨው መስታወት ላይ ስሙን በሞላላ ክብ ውስጥ ማተም ጀመረ፤ ሌሎቹ የፋብሪካው መስታወቶችም ተከተሉ። ከስሙ ሥር 8 ካለ የ80ዎቹ፣ 9 ካለ የ90ዎቹ ነው። አለቀ። አንድ ነገር ብቻ፦ ፋብሪካው ሲዘጋ ሞልዶቹ ለሌሎች ስለተሸጡ ቅርጹ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

ዋጋ ስትገምቱ ሻጮች የጠየቁትን ትታችሁ ጨረታ ላይ የተሸጠበትን ተመልከቱ። ልዩነቱ ያስደነግጣል። ከዚያ ጣታችሁን ምንቃሩ፣ ጅራቱና ክንፉ ጫፍ ላይ አስኪዱ፤ ዓይን ያላየውን ሸራፋ ጣት ያገኘዋል። ብርቅ የሆነ ሙራኖ ትንሽ ሸራፋ ይችላል። የተሸረፈ ስዋሮቭስኪን ግን በነጻ ካልሆነ አልወስደውም። ላሊክ ላይ ደግሞ ሸራፋው ተፍቆ ሊጠፋ ስለሚችል ከሁለት ወገን አነጻጽሩት፤ አንዱ ጆሮ ካጠረ ምክንያት አለው። በስልክ የምትገዙ ከሆነ የመቀመጫውን ፎቶ በጎን ብርሃን አንስቶ እንዲልክላችሁ ጠይቁ። ሻጩ ሰበብ ካበዛ ይቅርባችሁ።