መጋላ ያለችው ታፔላ የሌላት ፈጢራ ቤት፦ ጠዋት ሂዱ፣ ምሳ ሰዓት ግን እለፏት

ድሬ ዳዋ ለስራም ለሽርሽርም የሚመጣ የአዲስ አበባ ሰው አብዛኛው ከዚራ ሰፈር ሆቴል ይይዝና ጠዋት እዛው ኦምሌቱን በልቶ፣ ማታ ጥብሱን በቢራ አወራርዶ "የድሬ ምግብ ያው ነው" እያለ ይመለሳል። ኧረ አቦ ያው አይደለም! ድሬን መቅመስ የፈለገ ደቻቱን ተሻግሮ መጋላ ሰፈር መግባት አለበት፣ እሱንም በጠዋቱ፣ ፀሐይዋ ሳትበረታ። (ደቻቱን አሸዋ ብቻ ሆኖ ስታዩት ወንዝ ነው ቢሏችሁ ላታምኑ ትችላላችሁ፣ ግን በ1998 ክረምት በሌሊት ሞልቶ ስንቱን ቤተሰብ ጠርጎ የወሰደ ወንዝ ነው፣ አትናቁት።)

የማወራችሁ ቀፊራ ገበያ አካባቢ ገባ ብላ ስላለች አንዲት ፈጢራ ቤት ነው። ታፔላ የላትም፣ የውጪው ግድግዳ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቶ ግማሹ ተልጧል፣ ውስጥ የፕላስቲክ ወንበር፣ ኮርኒስ ላይ እየተንቀጫቀጨ የሚዞር ቬንትሌተር፣ አለቀ። እኔ የሄድኩት ከአጎቴ ጋር ነው፣ ደብረ ማርቆስ ተወልዶ ያደገ፣ እድሜው ስልሳ ያለፈ፣ ሰው ሲያናግረው "እርስዎ" ካልተባለ ፊቱ የሚለዋወጥ ሰውዬ። አስተናጋጁ ሃያ አመት የማይሞላው ልጅ ገና ሳንቀመጥ መጣና "አንተ፣ በማር ነው በእንቁላል?" አለው። ጋሼ ዞር ብሎ እኔን አየኝ፣ እኔ ደግሞ ጣራውን። ድሬ ላይ ይሄ ንቀት አይደለም፣ ከንቲባውም ቢመጣ አንተ ነው፣ ቶሎ ልመዱት።

ፈጢራውን የሚሰራው ሰውዬ በሩ ላይ ነው የሚቆመው፣ ስለዚህ ምንም የሚደበቅ ነገር የለም። ሊጡን ትናንሽ ድቡልቡል አድርጎ ዘይት ቀብቶ አስተኝቶታል፣ አንዱን ያነሳና ዘይት የጠጣ ጠረጴዛ ላይ በመዳፉ ይጠፈጥፈዋል፣ ከዛ ጠርዙን ይዞ አየር ላይ ወርወር አድርጎ ጧ!፣ ደግሞ ጧ!፣ በየምቱ እየሰፋ እየሰፋ የጠረጴዛው ጭረት ከስር እስኪታይ ድረስ ይሳሳል እንጂ አይቀደድም። መሃሉ ላይ እንቁላል ሰብሮ ሽንኩርትና ቃሪያ ጣል ያደርግበትና አራቱንም ጠርዝ እንደ ፖስታ ወደ ውስጥ አጥፎ የጋለው ብረት ምጣድ ላይ ያሳርፈዋል። እጁ አንዴም አይቆምም፣ ከሰው ጋር እያወራ ነው ደግሞ፣ ከአንዱ ጋር በኦሮምኛ፣ ለሌላው በሶማሊኛ መልስ ሰጥቶ ለእኛ በአማርኛ "መጣች መጣች" ይላል። ሲመጣ ቆራርጠው ነው፣ ጠርዙ ክርክር የሚል፣ መሃሉ ለስላሳ፣ ዘይቱ በዛ ብሏል ግን እጅ ላይ እንጂ አፍ ላይ አይቀርም። በእንቁላል ያለው አስር ከአስር።

የማሩ ላይ ግን እቆጠባለሁ። ጋሼ አንዴ ቀመሰና "ይሄ ማር አይደለም" አለ፣ በቃ፣ ሌላ አልጨመረም፣ የጎጃም ሰው በማር ጉዳይ ይግባኝ አይቀበልም። እኔ እንኳን ያን ያህል አልከፋኝም፣ ሙቅ ሊጥ ላይ ሲፈስ ጥሩ ነው፣ ነገር ግን ስኳር ስኳር ማለቱን አልክድም። ምርጫ ካላችሁ ሁለቱንም በእንቁላል እዘዙ።

ፉሉ ከሙኑ የሚሸት፣ ጥሩ የበሰለ፣ ላዩ ላይ ቲማቲምና ቃሪያ ያለበት፣ ከትኩስ ፉርኖ ጋር ነው የሚመጣው፣ ለብቻው ቁርስ ይሆናል። ሻይ በወተቱን ግን ሳትጠጡ እንዳትወጡ፣ ሄል ቀረፋ ቅርንፉድ ዝንጅብል ሁሉም አለበት፣ ስኳሩ አብሮ ስለሚፈላ "ቀንስልኝ" ማለት አይሰራም፣ ጣፋጭ የማይወድ ቀድሞ ቀይ ሻይ ይበል። ድሬ እንዲህ እየጋለች ትኩስ ሻይ መጠጣት እብደት ይመስላል፣ ሁሉም ሰው ግን ይጠጣል፣ ላብ ይወጣችኋል ከዛ ትንሿ ነፋስ ራሷ ትጥማችኋለች።

ሙዚቃውን ሳልጠቅስ ባልፍ ግፍ ነው። ከመደርደሪያው ላይ ካለች አሮጌ ስፒከር አሊ ቢራ ነበር የሚዘፍነው፣ ማንም ድምጹን አልቀነሰም፣ ማንም አላወራበትም ማለት ግን አልችልም፣ እንደውም ሁሉም ያወራል፣ ግን አዝማቹ ላይ ሲደርስ ከሶስት ጠረጴዛ አብረው ያንጎራጉራሉ። እዚሁ ድሬ ተወልዶ ገና ልጅ ሆኖ ከአፍረን ቀሎ ባንድ ጋር የጀመረ ሰው ነው፣ በኦሮምኛም በአማርኛም በሶማሊኛም በሐረሪም በአረብኛም ዘፍኗል፣ በ2015 ነው ያረፈው። ይሄን ሁሉ ቋንቋ እንዴት ቻለው የሚል ካለ እዛች ቤት ገብቶ አንድ ጠዋት ይቀመጥ፣ ፈጢራ ጋጋሪውም ይችለዋል።

አሁን ወደ ምሳው። ከሰዓት በኋላ ተመልሰን ገብተን ሩዝ በፍየል ስጋ አዘዝን፣ ሩዙ ቀዝቅዟል፣ ስጋው ጅማት በጅማት፣ ጠዋት እንደ ንብ የነበረው ልጅ ራሱ ግድግዳ ተደግፎ አይኑ ሊከደን ነው። ልጁ ላይ አልፈርድም፣ ከ6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ድሬ ውስጥ ማንም ማንንም አይፈልግም፣ ሙቀቱ አለ፣ በርጫው አለ፣ ሱቁ ሁሉ ግማሽ በር ነው። ግን የደረቀ ፍየል በሙሉ ዋጋ ማስከፈል ልክ አይደለም። ቤቷ የቁርስ ቤት ናት፣ ምሳ ባትሰራ ይሻላት ነበር። ሩዝና ፍየል ያማራችሁ እዛው መጋላ ውስጥ ሶማሌ ቤቶቹ ጋ ብትሄዱ ትካሳላችሁ፣ ሙዝ አብሮ ሲቀርብ ግራ አይግባችሁ፣ ከሩዙ ጋር ነው የሚበላው።

ስለዚህ ቀኑን እንዲህ ብትጠቀሙበት እላለሁ፦ 1 ሰዓት ላይ ፈጢራ፣ ከዛ በእግር ቀፊራ። ገበያው በጠዋት ነው የሚያምረው፣ ከገጠር የሚመጡት የኦሮሞና የሶማሌ ሴቶች ቅርጫታቸውን ዘርግተው፣ ወቅቱ ከሆነ ጊሽጣና ዘይቱን፣ ቅመም፣ እጣን፣ በሩ ቅስት ቅስት ስለሆነ ፎቶ ለሚወድም ይሆናል (ሰው ከማንሳታችሁ በፊት ግን ጠይቁ፣ ሴቶቹ ሲቆጡ ለመታረቅ ይከብዳል)። ጨርቅ ከፈለጋችሁ አሸዋ ገበያ፣ ሞባይል ምናምን ከሆነ ታይዋን የሚባለው ገበያ። ጋሼ አሸዋ ላይ ሽርጥ ገዛ። በህይወቱ ሽርጥ ታጥቆ የማያውቅ ሰው! ሻጯ የጠራችውን ዋጋ በግማሽ አወረደና ሲጨርስ "አቦ አትጨቅጭቂኝ" ሲላት ሰማሁት፣ ያኔ ነው ድሬ እንደገባችው ያወቅኩት።

ፀሐይዋ ስትከርር ባጃጅ ይዛችሁ ከዚራ ጥላ ስር ግቡ፣ ዋጋ ሳትቀመጡ ተስማሙ። የድሮው ባቡር ጣቢያ እዛው ነው፣ ድሬ ራሷ የባቡሩ ልጅ ናት፣ ሐዲዱ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ከብዶት በቆላው ሲያልፍ በ1895 የተቆረቆረች ከተማ ናት፣ መጀመሪያ ስሟም አዲስ ሐረር ነበር። አሁን ከአዲስ አበባ የሚመጣው አዲሱ ባቡር ከከተማ ወጣ ብሎ ነው የሚያወርዳችሁ፣ በሱ የምትመጡ የትራንስፖርት ሂሳብ ያዙ። ሐረር ከዚህ 50 ኪሎ ሜትር ምናምን ነው፣ ደንገጎን ስትወጡ አየሩ ይቀየራል፣ ጁገል ግንቡ፣ መኪና ግርግር የሚባለው መንገድ፣ ሑልበት መረቅ የሚባለው ምግብ፣ እሱ የራሱ ግምገማ ያስፈልገዋል፣ ሌላ ጊዜ።

ስለ ፈጢራ ቤቷ የቀረው፦ ዋጋ ግድግዳ ላይ አልተለጠፈም ግን ለእንግዳ ሲጨምሩ አላየሁም፣ ሁለታችን ጠግበን በልተን ሆቴል ለአንድ ሰው ቁርስ ከምንከፍለው በታች ነው የወጣው። ቴሌብር ይቀበላሉ፣ ኔትወርኩ ስለሚያስቸግር ካሽ ያዙ። እጅ መታጠቢያው ውጪ ነው፣ ሳሙና አለ። ከ3 ሰዓት በኋላ ሊጡ ያልቃል፣ አርብ ደግሞ ለጁምዓ ቀደም ብለው ይዘጋሉ። ሽንት ቤት የላትም፣ ከሆቴላችሁ ጨርሳችሁ ውጡ።