«ንካው» የተባሉበት የጅማ ባዛር

ሁለቱን ልጆቼን ይዤ ከቶሮንቶ ጅማ ስገባ ከወጣሁ አሥራ አንድ ዓመት አልፎኝ ነበር። ስለ በረራው የምለው ብዙ የለም፤ ከአዲስ አበባ በመኪና 350 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነውን መንገድ በአየር አንድ ሰዓት ሳይሞላ ደረስን። ያረፍንበት ሆቴል ንጹሕ ነው፤ ሙቅ ውኃ ግን ጠዋት ብቻ። ይህን ያስጻፈኝ ቅዳሜ ዕለት እህቴ የወሰደችን የእጅ ሥራና የፈጠራ ባዛር ነው።

እኔ ያደግሁበት ባዛር «አትንኩ» የሚባልበት ነበር። እዚህ መጀመሪያ የቆምነው በርጩማ የሚጠርቡ አባት ዘንድ ነው። የጅማን ባለ ሦስት እግር በርጩማ ታውቁታላችሁ፤ እግሩም መቀመጫውም ከአንድ ግንድ ነው የሚወጣው፣ ሚስማርም ኮላም አያውቀውም። ልጄ አፍጥጦ ሲያያቸው «ኮቱ፣ ና የኔ ልጅ» ብለው መሮውን አስያዙት፤ እጃቸውን በእጁ ላይ አድርገው ቀስ እያሉ አስመቱት። የዋንዛው ፍቅፋቂ ተጠቅልሎ ጫማው ላይ ወደቀ። «እንጨቱ በደንብ ሳይደርቅ ከተቸኮለ ይሰነጠቃል» አሉት። ከዚያ ብርጭቆ ወረቀት ሰጡትና ግማሽ ሰዓት ሙሉ አንዱን እግር ሲያሽ ቆየ። ስልክ ይሰጠኝ ያላለበት ግማሽ ሰዓት!

ሴቷ ልጄ ደግሞ ተማሪዎች ከአሮጌ ብስክሌት የሠሩት የበቆሎ መፈልፈያ ላይ ወጣች። ፔዳሉን ስትመታ ሰንሰለቱ ጥርስ ያለውን ከበሮ ያዞራል፤ ፍሬው በአንድ በኩል፣ ቆረቆንዳው በሌላ በኩል ይወጣል። ተማሪዋ ከበሮውን አስቁማ ጥርሶቹን እያሳየች «ክፍተቱ ሲጠብ ፍሬው ይሰበራል» ብላ አስረዳቻት። እናቴ በቆሎ በእጇ ስትፈለፍል አውራ ጣቷ ይላጥ የነበረው ትዝ ብሎኝ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

የከፋኝ ሁለት ነገር ነው። መጸዳጃ ቤቱ ውኃ አልነበረውም፤ ለስንት ልጅ የተዘጋጀ ቦታ ይህ አይገባውም። ሁለተኛ፣ ሲመልሰን የነበረው ባለ ባጃጅ ከውጭ መምጣታችንን ሲያውቅ የተስማማንበትን ዋጋ እጥፍ አደረገው፤ እህቴ በኦሮምኛ ባትከራከርልኝ ከፍዬ ነበር።

በማግስቱ ጅሬን ወጥተን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት አየን። ልጄ የሰገነቱን እንጨት ቀና ብሎ እያየ «ይህንንም በመሮ ነው የሠሩት?» አለኝ። በርጩማውን ገዝተነዋል፤ ከሻንጣ ይልቅ በእጁ ይዞት ነው የተሳፈረው።